ጥንቸሎቹ የት ገቡ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ባለፈው እሁድ «ካንሰርን በማእድ ቤት ዕቃ የረታው ተራ ሬዲዮ ጠጋኝ» ብላችሁ ያወጣችሁትን ዘገባ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። መጀመሪያ ወድጄው ነው። ሁለተኛ ተናድጄ። ሦስተኛው ግን አንድ ቃል ፍለጋ ነበር። ቃሉ «ጥንቸል» ነው። ከርዕሱ እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ ድረስ አንድም ቦታ የለም።

ስለ ጆን ካንዚየስ መሆኑን ያነበበ ሁሉ ያስታውሳል። አሜሪካዊ ነው፣ ፔንሲልቬንያ ግዛት ኢሪ በምትባል ከተማ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ጣቢያ መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ሊምፎማ የሚባል ካንሰር እንዳለበት ተነገረው። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) እየወሰደ እንቅልፍ ሲያጣ ሌሊት ተነስቶ የሚስቱን መጋገሪያ ሳህኖች ከሬዲዮ ዕቃ ጋር አገጣጠመ። ቋሊማ ውስጥ የመዳብ ሰልፌት በመርፌ ወጋ። ከዚያ ሞገድ ለቀቀበት። መዳብ የገባበት ቦታ ጋለ፣ ሌላው አልጋለም። ሐሳቡ ካንሰሩንም እንዲሁ ለይቶ ማጋል ነበር። እስከዚህ ድረስ ልክ ናችሁ፣ ጥሩ አድርጋችሁም ጽፋችሁታል። በተለይ ቋሊማውን። ቋሊማው ብቻውን ሁለት አንቀጽ አግኝቷል።

ከቋሊማው በኋላ ግን ዘገባው ዘሎ «በዚህ ዘዴ የካንሰር ዕጢዎች ሙሉ በሙሉ ሞተዋል» ይላል። የማን ዕጢ? ያነበበ ሁሉ «የሰው» ብሎ ነው የሚረዳው። እኔም በመጀመሪያው ንባብ እንደዚያ ነው የተረዳሁት፣ ስለዚህ አንባቢው ደንቆሮ ነው አትበሉኝ።

እውነቱ ይኸው። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ሂውስተን በሚገኘው ኤምዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል ይሠሩ የነበሩት ቀዶ ሐኪም ስቲቨን ከርሊና ባልደረቦቻቸው የጥናት ውጤት አሳተሙ። ጉበታቸው ላይ ዕጢ ያለባቸው ጥንቸሎች ነበሩ። ተመራማሪዎቹ በዓይን የማይታዩ የካርቦን ቱቦዎችን (ናኖቲዩብ) በመርፌ ቀጥታ ዕጢው ውስጥ ከተቱ። ለሁለት ደቂቃ የሬዲዮ ሞገድ ለቀቁ። ከ48 ሰዓት በኋላ ሲያዩት ናኖቲዩብ የገባበት ዕጢ ሞቷል። ሞገዱን ብቻ ያገኘው ዕጢ ምንም አልሆነም። ይሄ ቀላል ውጤት አይደለም፣ ሳነበው እኔም ከወንበሬ ተነስቻለሁ።

ግን ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ። አንደኛ፣ ጥንቸል ናት። ሁለተኛ፣ ዕጢው የት እንዳለ ታውቆ፣ መርፌው እዚያው ላይ ተሰክቶ ነው። ካንሰሩ የተሰራጨበት ሰው የት የት ይወጋ? ናኖ ቅንጣቱን በደም ሥር ብንሰደው ደግሞ መንገዱን ጠይቆ ዕጢው ዘንድ አይሄድም። ብዙው ጉበትና ጣፊያ ላይ ነው የሚጠራቀመው። ጉበቱ ላይ ቅንጣቱ የተጠራቀመበትን ሰው ሞገድ ውስጥ ማስተኛት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተው ልተወው። የካንዚየስ ሐሳብ እንቆቅልሽ እዚህ ላይ ነበር፤ ሳህኑ ላይ አልነበረም። ሞገድ ማመንጨት ለእኛ ሙያ ሰው የዕለት እንጀራ ነው። ቅንጣቱን ወደ ካንሰሩ ሕዋስ ብቻ ማድረስ ነው ዳገቱ።

እዚህ ላይ ማንነቴን ልናገር። የማሰራጫ ጣቢያ ቴክኒሺያን ነኝ፣ ሃያ ስድስት ዓመት። «ተራ ሬዲዮ ጠጋኝ» የምትሉት ዓይነት። (ካንዚየስ ጠጋኝም አልነበረም። መሐንዲስ ነበር፣ የሠራበት የብሮድካስት ድርጅት ባለድርሻም ሆኗል። «ተራ» የሚለውን ከየት እንዳመጣችሁት አንድዬ ይወቅ። ምናልባት ርዕሱ ላይ ያምራል።)

ግራ እጄ ሌባ ጣት ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ነጭ ጠባሳ አለች። ወጣት እያለሁ የማሰራጫውን ማስተካከያ ሳጥን ከፍቼ፣ ኃይሉ ሳይቋረጥ እጄን አስጠጋሁ። ብልጭታው ሲነካኝ ያን ያህል አላመመኝም። ከላይ ሲታይ ምንም የለም፣ ነጭ ነጥብ ብቻ። ማታ ነው የጀመረኝ። ውስጡ እስከ አጥንቱ በስሏል። ሁለት ሳምንት በአንድ እጄ ነው የበላሁት። የሬዲዮ ሞገድ ቃጠሎ እንዲህ ነው፣ ከላይ ከሚታየው ይልቅ ውስጡ ይብሳል። የካንዚየስ መሣሪያ የሚሠራው በ13.56 ሜጋኸርዝ ነበር። ይሄ ፍሪኩዌንሲ ፋብሪካ ውስጥ ፕላስቲክ ለመበየድም ያገለግላል። ዘገባችሁ «ምንም ጉዳት የሌለው ሞገድ» ሲለው ጣቴን አየሁት።

አሁን ወደ ብሶቴ። ዘገባው በወጣ ማግስት ስልኬ አላረፈም። አክስቴ ደወሉ። የአክስቴ ጎረቤት ደወሉ። አሥራ አምስት ዓመት ያላየሁት የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ደወለ። ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚሉት፦ «አንተ ሬዲዮ ትሠራ የለ እንዴ? ሥራልን እንጂ!» አንዱማ ሳህኑን ራሱ ይዞ ሊመጣ ነበር።

ይሄን ስቄ ባለፍኩት። ታላቅ እህቴ ግን አልደወለችም። ቤቷ ስሄድ ጋዜጣውን አጣጥፋ ትራሷ ሥር አድርጋዋለች። የጡት ካንሰር አለባት፣ ኬሞ ላይ ናት። ሻይ አቀረበችልኝ፣ ዝም አለች፣ ከዚያ ቀስ ብላ «አንተ፣ ይሄን ነገር ታውቀዋለህ አይደል?» አለችኝ።

«አውቀዋለሁ እትዬ።»

«ታዲያ የማክሰኞውን ኬሞ ልተወውና አንተ ብትሞክርልኝስ? እሱ እንደሆነ እየገደለኝ ነው።»

እስቲ ምን ልበላት? ስለ ጥንቸሎቹ ነገርኳት። ጋዜጣውን ከትራሷ ሥር አውጥታ መነጽሯን አደረገችና ፈለገች። «እዚህ ላይ ጥንቸል አይልም» አለችኝ። የወንድሟ ቃልና የታተመ ወረቀት ተፋጠጡ፣ ወረቀቱ አሸነፈ። ለዚህ ነው የምጽፍላችሁ።

ዘገባው ሌላም የዘለለው አለ። ካንዚየስ እ.ኤ.አ. የካቲት 2009 በ64 ዓመቱ ሞቷል። በሕይወት እያለ መሣሪያው ሰው ላይ አልተሞከረም፤ እሱ ራሱ የታከመው እንደማንኛውም ታማሚ በኬሞ ነው። ይሄን መጻፍ ሰውየውን ማሳነስ አይደለም። እያመመው፣ እያስመለሰው፣ ለራሱ የማይደርስለትን ነገር ሲሠራ የነበረ ሰው ከእናንተው ጀግና ይበልጣል።

«ሐኪሞች ናቁት፣ ደበቁት» ስላላችሁትስ? ቅድም የጠቀስኳቸው ከርሊ ሐኪም ናቸው። የጉበት ዕጢን በሬዲዮ ሞገድ በሚግል መርፌ ማቃጠልን ከካንዚየስ በፊት የሚያውቁ ሐኪም። ይሄ መርፌ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሆስፒታል ውስጥ ይሠራበታል። እንግዲህ ሐኪሞቹ የናቁት የትኛውን ሞገድ ነው? ካንዚየስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 «ሲክስቲ ሚኒትስ» በተባለው ታዋቂ የአሜሪካ ፕሮግራም ላይ ቀርቧል። በዚያ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ የወጣ ነገር ተደበቀ ከተባለ፣ እኔም ሃያ ስድስት ዓመት ሳሰራጭ የኖርኩት ምስጢር ነው ማለት ነው።

መጨረሻ ላይ «ሌላው የጓዳ ፈጣሪ» ብላችሁ ዮራም ፓልቲን በሁለት መስመር አልፋችኋቸዋል፣ «ኮፍያ አድርጎ ከአንጎል ካንሰር መዳን» ብላችሁ። እሳቸው የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ናቸው። ኮፍያ ያላችሁት በተላጨ ራስ ላይ የሚለጠፍ የኤሌክትሪክ መስክ መሣሪያ ነው፣ በቀን ቢያንስ 18 ሰዓት መለጠፍ አለበት። ካንሰሩ አዲስ ለተገኘበት ታማሚ ኬሞን አይተካም፣ አብሮ ነው የሚሰጠው። 695 ታማሚዎች በተሳተፉበት ሙከራ ተፈትኗል። ኬሞ ብቻ የወሰዱት ወደ ሙከራው ከገቡ በኋላ የኖሩበት መካከለኛ ጊዜ 16 ወር ነበር፣ መሣሪያውን የጨመሩት 20.9 ወር። ልዩነቱ አምስት ወር አይሞላም። መዳን አይባልም። አልጋ አጠገብ ለተቀመጠ ሰው ግን አምስት ወር ስንት እንደሆነ እኔን ጠይቁኝ። ራሳቸውን ተላጭተው፣ ባትሪ ተሸክመው የዞሩት እነዚያ ሰዎች አንዲት መስመር አልደረሳቸውም። ቋሊማው ሁለት አንቀጽ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ማስተካከያ አውጡ። «ተራ» የሚለውን እኔ ይቅር ብያለሁ። «ጥንቸል» የሚለውን ግን በትልቁ ጻፉልኝ፣ እህቴ መነጽሯን ሳትፈልግ እንድታነበው። ከማክሰኞ በፊት ቢሆን ደግ ነው።

ማክሰኞ ዕለት፣ እሺ ካለችኝ፣ ከእሷ ጋር ሆስፒታል ስለምውል ስልክ አላነሳም። መሣሪያ ሥራልን ብለው የሚደውሉትን ሁሉ የዝግጅት ክፍላችሁን ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ።

አንድ የማሰራጫ ጣቢያ ቴክኒሺያን