የእማማ ቴሌቪዥን እኔ ጋ ነው

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በጣም ተጠፋፍተናል። በዓል ሲመጣ «እንኳን አደረሰህ» ከመባባል ያለፈ ወግ ካወራን ስንት ዓመት! አሁን ግን በስልክ የማያልቅ ወሬ ስላለኝ ቁጭ ብዬ ልጽፍልህ ወሰንኩ። የእማማ ቴሌቪዥን እኔ ጋ ነው። ያ ጥቁሩ፣ 21 ኢንቹ፣ ኋላው ያበጠው። ይሠራልም።

ፒያሳ ያለው ሰፈራችን ሲፈርስ እማማ ኮንዶሚኒየም እንደገቡ ታውቃለህ። እህትህ ትልቅ ፍላት ስክሪን ገዝታ ግድግዳ ላይ ሰቀለችላቸው። ለአሮጌው ቦታ ጠፋ። ዕቃ ልናወጣ በሄድንበት ቀን ቆራሌው በር ላይ ቆሞ ዋጋ እየተከራከረ ነበር። «እኔ እወስደዋለሁ» አልኩና ከእህትህ ባል ጋር ለሁለት ተሸክመን አራት ኪሎ እኔ ቤት አስገባነው። ክብደቱን መቼም አትረሳውም።

ቆራሌዎቹን አልወቅስም፣ እንጀራቸው ነው። ግን ከእንዲህ ዓይነት ቴሌቪዥን የሚፈለገው ምስሉን የሚያሳየው ትልቁ መስታወት፣ ቲዩቡ፣ አንገት ላይ የተጠመጠመው መዳብ ነው። እሱን ለማውጣት ቲዩቡ ይሰበራል። ውስጡ አየር ስለሌለው ሲሰበር ወደ ውስጥ ፈንድቶ ስብርባሪው ይረጫል። መስታወቱ ውስጥ ደግሞ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት። ያ ሁሉ ልጆች በሚጫወቱበት ቦታ እንዲቀር አልፈለግኩም።

ከሁሉ በላይ ግን ቴሌቪዥኑ የእኛ ነው። የአባባ ተስፋዬን ተረት የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተጠጋግቶ ያየው በእሱ ነው። ከሁላችንም ትንሽ ያየኸው አንተ ነህ፤ አንቴና አዟሪው አንተ ነበርክና። ዙሪያችን ፎቅ ስለነበር ሞገዱ ከግድግዳ እየተላተመ ሁለቴ ይደርሰን ነበር። ለዚያ ነው ዜና አንባቢው ከነጥላው ሁለት ሆኖ የሚታየው። አንተ ጣሪያ ላይ፣ እኔ በር ላይ፣ እማማ ውስጥ። «ጠራ!» «ኧረ ጠፋ!» «ትንሽ መልሰው!»

መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ኃይሌ ሲድኒ ኦሊምፒክ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ከኬንያዊው ፖል ቴርጋት ጋር ሲተናነቅ አንተ ቆርቆሮው ላይ ቁጢጥ ብለህ የአንቴናውን ዘንግ ይዘህ ነበር። ከለቀቅከው ምስሉ ይሄዳል። የመጨረሻዎቹን 100 ሜትር ቤት ሙሉ ሰው አየ፤ አንተ ጩኸቱን ብቻ ሰማህ። 27 ደቂቃ ከ18.20 ሴኮንድ። የቀደመው በ9 መቶኛ ሴኮንድ ነው! ያን ቀን ላደረግክልን ነገር በወጉ ያመሰገነህ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ አመሰግንሃለሁ።

እዚህ ከመጣ በኋላ አንድ ምሽት ምስሉ በድንገት ተጨፍልቆ መሃል ላይ አንድ ነጭ መስመር ብቻ ቀረ። ድምፁ አለ። ያየው ሰው ሁሉ «በቃ፣ ቲዩቡ ሞቷል» አለኝ። መስመሩ እየበራ ግን ቲዩቡ ሞተ አይባልም። ድሮ ፒያሳ የምናውቀውን ሠሪ ፈልጌ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አገኘሁት። ሸምግሏል፣ እጁ ግን ያው ነው።

ከጀርባ ሲከፍተው መጀመሪያ ምን እንዳደረገ ልንገርህ። የካቻቢቴውን ብረት በሽቦ ከቲዩቡ መሬት ጋር አሰረ። አንድ እጁን ኪሱ ከተተና የካቻቢቴውን ጫፍ ቲዩቡ ላይ ባለው የጎማ ቆብ ሥር ቀስ አድርጎ አስገባ። ጧ! ሰማያዊ ብልጭታ። ባለ ቀለም ቲዩብ ሲሠራ ከ20,000 ቮልት በላይ ነው የሚሄድበት። ከተነቀለም በኋላ የተጠራቀመው ይቆያል። ልጆቼ ጀርባውን እንዳይነኩ በብርቱ አስጠንቅቄያለሁ።

ከዚያ በማጉያ መነጽር አሳየኝ። ምስሉን ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘረጋው አይሲ የሚሉት ትንሽ ቺፕ እግር ሥር ብየዳው ዙሪያውን እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ተሰንጥቋል። ያ ክፍል ይግላል፣ ይቀዘቅዛል፤ ይህ ዓመታት ሲደጋገም ብየዳው ይለቃል። አሮጌውን ብየዳ መጥጦ አዲስ አደረገለት። አንድ የደረቀ ካፓሲተርም ቀየረ። ስንሰካው ምስሉ ከመስመር ወደ ሙሉ ስክሪን ሲዘረጋ ሁለታችንም አጨበጨብን።

ጥጉ ላይ የነበረችው አረንጓዴ እድፍ ትዝ ትልሃለች? ከስፒከሩ ማግኔት የመጣች ናት። ሪሞቱን ብቻ ተጭኖ ማጥፋት አይለቅቃትም። ከዋናው ማብሪያ ጠፍቶ፣ በደንብ ቀዝቅዞ እንደገና ሲበራ ነው ውስጡ ያለው ጥምጥም ሽቦ ስክሪኑ ላይ የቀረውን ማግኔት የሚያጠፋው። ያ ሲበራ «ዱም» የሚለው ድምፅ እሱ ነው። ስፒከሩን አርቄ ደጋግሜ እንዲህ ሳደርግ ጠፋች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እማማ ቤት የእህትህን ሠርግ ካሴት ፍላቱ ላይ ከፍተውላቸው ነበር። አባባ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ፊታቸው ወደ ጎን ተለጥጦ፣ ዓይናቸው ደብዝዞ ታዩ። እማማ «ይሄ ሰውዬ ማን ነው?» አሉ። እህትህ ይህን ስትነግረኝ ሆዴ ተላወሰ። ለፋሲካ እኔ ጋ ሲመጡ ካሴት ማጫወቻውን ዴክ አጽድቼ፣ ካሴቱን በአሮጌው ቴሌቪዥን ከፈትኩላቸው። አባባ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ወደ ካሜራው ዞሩ። እማማ ምንም አላሉም። ቡናው እስኪቀዘቅዝ ድረስ አዩ። ከዚያ «መልሰው» አሉኝ።

መለጠጡን በሴቲንግ ማስተካከል ይቻላል፤ መደብዘዙን ግን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አይቻልም። ካሴቱ የተቀዳው ለእንዲህ ዓይነት ቴሌቪዥን ነው፤ እኛ አገር በሚሠራበት ፓል በሚባለው የምስል ሥርዓት፣ በ625 መስመር። ቲዩቡ በሴኮንድ 50 ጊዜ፣ አንዴ ጎዶሎ ቁጥሩን መስመር፣ አንዴ ሙሉ ቁጥሩን፣ የመጣለትን እንደመጣ ይስለዋል። ፍላቱ ያንን ጥቂት መስመር በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ነጥቦቹ ለማዳረስ የጎደለውን በግምት ይሞላል። ለኳስ ፍላቱን የሚያክል የለም። ለአባባ ግን አሮጌው ይሻላል።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንህ። አሜሪካ ስትሄድ የአባባ የጡረታ ግብዣ የተቀዳበትን ካሴት ይዘህ ሄደሃል። አንዴ «ተበላሽቷል፣ አያሳይም» ብለኸኝ ነበር። ሳይበላሽ አይቀርም ብለህ እንዳትጥለው! አሜሪካ ያለው ዴክ ኤንቲኤስሲ የሚባል ሌላ ሥርዓት ነው፣ በ525 መስመር የሚሠራ። የእኛን የፓል ካሴት በወጉ አያነብም። ካሴቱ ደህና ሊሆን ይችላል። የሚመጣ ሰው ስታገኝ ላክልኝ። ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ዕቃ አግኝቻለሁ፤ ግልባጩን ለአንተም ለእህትህም እልካለሁ። እማማ ለጥምቀት እኔ ጋ ናቸው። ከዚያ በፊት ቢደርስልኝ ደስ ይለኛል።

ልጆቹን ሳምልኝ።

ወንድምህ
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ