ሰብሳቢያችን «ቁጥሩ ይናገር» አሉ

እታለም፣

እንደምን ከረምሽ? ጠፋሁብሽ፣ ይቅርታ። ስንገናኝ ትቆጪኛለሽ። አሁን የምጽፍልሽ ቸግሮኝ ነው።

የዕድገት ኮሚቴ ውስጥ ገብቻለሁ። ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት የቀረቡት ሁሉ አንድ ኤክሴል ላይ ሰፍረዋል። የጽሑፍ ብዛት፣ ሳይቴሽን (ሌሎች ስንቴ እንደጠቀሷቸው)፣ ኤች ኢንዴክስ (አሥር ጽሑፎችሽ እያንዳንዳቸው ቢያንስ አሥር ጊዜ ከተጠቀሱ አሥር የሚሰጥሽ)፣ ኢምፓክት ፋክተር። ሰብሳቢያችን «ቁጥሩ ይናገር» አሉና ከላይ ወደ ታች ደረደሯቸው። መጨረሻ የቀረው ማን መሰለሽ? አጋሮ አካባቢ የቡና ፍሬ በሽታን ለዓመታት ሲከታተል የኖረው ልጅ። ጽሑፎቹ የወጡት አገር ውስጥ ጆርናል ላይ ነው፣ ስኮፐስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የጽሑፎች መዝገብ አያውቃቸውም። ለገበሬው በአፋን ኦሮሞ ያዘጋጀው መመሪያ ጭራሽ ቦታም አላገኘ። አንድ አባወራ ቤት አይቼዋለሁ እኮ! በፌስታል ጠቅልለው ማገር ላይ ሰክተውታል።

ስብሰባው ላይ ተናገርኩ፣ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ። ኢምፓክት ፋክተር የጆርናሉ ነው እንጂ የሰውዬው አይደለም አልኳቸው። ጆርናሉ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች ዘንድሮ በአማካይ ስንቴ ተጠቀሱ ነው የሚለው። አማካዩን የሚያነሱት ደግሞ ጥቂት ጽሑፎች ናቸው። ፊዚሲስቱ ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ያመጣው ኤች ኢንዴክስም ከፍ እንጂ ዝቅ አይልም፤ ብዙ የቆየ ሰው ይቀድማል። የሒሳቧን ልጅ ከሕክምናው ጋር ማወዳደርማ ምን ይባላል? ሒሳብ ውስጥ ሳይቴሽን ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው።

ስለ ምርምር ምዘና የወጣው፣ እ.ኤ.አ. የ2012ቱ የሳን ፍራንሲስኮ መግለጫ በጆርናል ስም ሰው አትመዝኑ ይላል። የ2015ቱ የላይደን ማኒፌስቶ ደግሞ ቁጥር የባለሙያን ዳኝነት ይደግፍ እንጂ አይተካው ይላል፤ ለአካባቢ የሚጠቅም ምርምርም ይጠበቅ ይላል። ሁለቱንም አትሜ አደልኳቸው።

ቁጥር ይጣል አላልኩም። ቁጥር ከሌለ ትውውቅና ዝምድና እንዴት እንደሚገባ አብረን አይተናል። ግን ሥራውን የሚያነብ ሰው ይኑር!

እና... እንዴት ልበልሽ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ መጥቼ ሥራ ሳሸክምሽ አፈርኩ። የቡና በሽታ ያንቺ ሙያ ነው፣ ልጁን ደግሞ አታውቂውም። የውጭ ገምጋሚ ሆነሽ ሦስት ጽሑፉንና መመሪያውን ታነቢልኛለሽ? ደካማ ከሆነም ደካማ ነው ብለሽ ጻፊ። ኮሚቴው አንድ የውጭ ገምጋሚ ፈቅዷል።

ጉግል ስኮላር ላይ ፈልጌሽ ነበር። ያ ፎቶ የምርቃታችን አይደል? ቀይሪው እንጂ አንቺ!

እሺ ካልሽ ፋይሎቹን ዛሬ ማታ በቴሌግራም እልካለሁ። ካልተመቸሽም ንገሪኝ፣ አልቀየምሽም። እማማን ሳሚልኝ።

ያንቺው፣ ከጅማ