ጀማሪው መዝገብ ካላነበበ ነገ ማን ያርማል?

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ሰው ሠራሽ አስተውሎት በጥብቅና ሙያ ላይ ስላመጣው ለውጥ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩት። ትኩረቱ ሁሉ መሣሪያው ፈጥሮ በሚያቀርባቸው ሐሰተኛ የፍርድ ጥቅሶች ላይ ነበር። አሳሳቢነቱ አያከራክርም፤ ሆኖም ከጀርባው ያለው የባሰ ችግር፣ ማለትም ጀማሪ ጠበቆች መዝገብ እያነበቡ የሚማሩበት ዕድል መጥፋቱ፣ ሳይነሳ በመታለፉ ይህን ልጽፍ ተገደድኩ።

እ.ኤ.አ. በ2023 በኒውዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት፣ በአቪያንካ አየር መንገድ ላይ በቀረበ የጉዳት ካሳ ክስ፣ የከሳሽ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ የፈጠራቸውን፣ ከቶ ያልተሰጡ ውሳኔዎች ጠቅሰው ተከራከሩ። አንደኛው ጠበቃ ውሳኔዎቹ እውነተኛ መሆናቸውን ለማጣራት መልሶ የጠየቀው ያንኑ ቻትጂፒቲን ነበር፤ አዎን፣ እውነተኛ ናቸው ተባለ። ነገሩ የተጋለጠው የተከሳሽ ጠበቆች ውሳኔዎቹን ፈልገው ስላጧቸው ነው። ዳኛው 5,000 ዶላር ቀጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በመረመረው አንድ ጉዳይ ከተጠቀሱት 45 ውሳኔዎች 18ቱ ጭራሽ የሌሉ ሆነው ተገኙ። በዚህኛው የሕግ ጥናቱን በሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ያካሄደው ደንበኛው ራሱ ነበር፤ ጠበቃው ሳያመሳክር ተቀብሎ አቀረበው። እኔን ያስደነገጠኝ ይህ ነው።

ለሕግ ሥራ ተብለው የተሠሩትም ቢሆኑ ከስህተት ነጻ አይደሉም። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2024 የታወቁ የሕግ ምርምር መሣሪያዎችን ፈትነው፣ ከ17 እስከ 33 በመቶ በሚሆነው መልሳቸው ፈጠራ እንደሚገባበት አሳይተዋል። ስለዚህ አራሚ ዓይን ያስፈልጋል። ያ ዓይን ከየት ይመጣል?

ሥራ ስጀምር የተሰጠኝ፣ ካርቶን ሙሉ ሰነድ በቀን ቅደም ተከተል ማስያዝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግድም አንድ ደረሰኝ ላይ ቆም አልኩ። ክፍያው የተፈጸመው ውሉ ከመፈረሙ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ነበር። ፈልግ ያለኝ ሰው አልነበረም። ውሉ አስቀድሞ ያለቀን ግብይት አዲስ ለማስመሰል የተጻፈ ነው የሚለው ክርክራችን የተነሳው ከዚያች ወረቀት ነው። ዛሬ መሣሪያው ያንን ካርቶን በደቂቃዎች ይደረድረዋል፤ ምናልባት ደረሰኙንም ይጠቁም ይሆናል። ከዚያ መዝገብ ይዤ የወጣሁት ግን የቀን መፋለስ ሳይ የሚቆረቁረኝን ስሜት ነው፤ እስካሁን የምሠራው በእሱ ነው።

የጥብቅና ድርጅቶች ጀማሪ የሚቀጥሩት ለዚሁ አሰልቺ ሥራ ነበር። ድርጅቶቹ ደንበኛን የሚያስከፍሉት በሰዓት ስለሆነ የጀማሪው ሰዓት ገቢ ያስገባል። አሁን ሥራውን መሣሪያው በደቂቃ ስለሚጨርሰው ሰዓቱ ጠፋ። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በሐምሌ 2024 ባወጣው የሥነ ምግባር አስተያየት፣ በሰዓት የሚያስከፍል ጠበቃ በመሣሪያው አፍጥኖ ከሠራ ማስከፈል የሚችለው በእርግጥ ለሠራበት ጊዜ ብቻ ነው ብሏል። ለደንበኛ ተገቢ ነው፤ በሙሉ ልቤ እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ድርጅቶች ሒሳቡን ሲያሰሉ ቀድመው የሚቀንሱት ጀማሪውን ነው። ዛሬ መዝገብ ያላገላበጠ ልጅ ከአሥር ዓመት በኋላ አንጋፋ ተብሎ የመሣሪያውን ረቂቅ እንዲያርም ይሰጠዋል።

መሣሪያውን እኔም እጠቀምበታለሁ፤ ረጅም ውል ለማመሳከር ትልቅ እገዛ ነው። የደንበኛን ምስጢር አላስገባበትም፤ የሚጠቅሰውን እያንዳንዱን ውሳኔ ከዋናው መዝገብ ሳላነብ አልፈርምበትም።

ከእኔ ጋር የሚሠሩ ጀማሪዎች ደግሞ መዝገቡን መጀመሪያ ራሳቸው ያነባሉ። ፍሬ ነገሩንና ጭብጡን በአንድ ገጽ በእጃቸው ጽፈው ያመጣሉ። ከዚያ በኋላ ነው የመሣሪያው ማጠቃለያ የሚከፈተው፤ ልዩነቱን ቁጭ ብለን አንድ በአንድ እንነጋገርበታለን። ለዚህ የሚጠፋውን ሰዓት ደንበኛውን አናስከፍልም፤ ወጪው የድርጅቱ ነው። ሌሎች ድርጅቶች ምን እያደረጉ እንደሆነ ብትጠይቁልን፣ በተለይም ጀማሪዎቹን ራሳቸውን ብታነጋግሩ፣ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሕግ ባለሙያ