ፊርማዬ ቤት ይውላል

ውድ ባልንጀራዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የምጽፍልሽ። ለፋሲካ የላክሽልኝን መልእክት አይቼ «ማታ ተረጋግቼ እመልሳለሁ» ያልኩት አምና ነው። ማታው እስካሁን አልመጣም። እናቴን ስኳሩ ሲያስቸግራት ከረመ፤ ሐኪም ቤት መመላለሱ እኔ ላይ ነው። ሌላው ደህና ነው። አንቺስ? ሐዋሳ ተስማማሽ? የሰው ሀብት ክፍሉን ሹመት ሰምቻለሁ። እንኳን ደስ አለሽ ሳልል መቅረቴን ለብቻው ትወቅሽኛለሽ።

አልዋሽሽም፣ ዛሬ የጻፍኩልሽ ሹመትሽም ስላስፈለገኝ ነው።

መጋቢት 2012 ትዝ ይልሻል? ኮሮና ገብቶ፣ መንግሥት ሠራተኞቹን ቤት ሆናችሁ ሥሩ ሲል የእኛም ቢሮ ላፕቶፕ አሸክሞ ሰደደን። ያኔ ነባርም ጀማሪም እኩል ነበር። ከዚያ ሁላችንም ተመለስን፤ አሻራውም ተመለሰ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ደግሞ አዲስ ሰርኩላር ወጣ። 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ በሳምንት 2 ቀን ከቤት ይሠራል። ከዚያ በታች ያለ በየቀኑ 2፡30 አሻራ ይነካል።

ደስ አለኝ፣ ምን እደብቅሻለሁ። እኔና አንቺ ከፕሪንተሩ ጎን ተጣብቀን ስንት ዓመት ቆጠርን? የመስኮቱን ወንበር እንኳ በአገልግሎት ዘመን ነበር የሚያድሉት። ተራዬ ደረሰ አልኩ።

ባለፈው ወር አንድ ረቡዕ ቤት ነኝ። መብራት 4 ሰዓት ላይ ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ትንሽ ታገለና ጠፋ። እኔም ነጠላዬን ለብሼ ለእናቴ ቡና ማፍላት ጀመርኩ። 8 ሰዓት ገደማ በር ተንኳኳ። የክፍላችን ትንሿ ልጅ ናት፤ ከተቀጠረች ገና ዓመት ከመንፈቋ። ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ነው። ክላሰሩን ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛዋለች። «ይቅርታ፣ ቤትዎ ድረስ መጣሁ፤ ባንክ ሳይዘጋ ፊርማዎ ያስፈልጋል» አለችኝ።

ሳሎን ቆማ ስትጠብቀኝ ፈረምኩ። ቡና ጠጪ ብላት አልቻለችም። የጠፋውን ላፕቶፕ አየችና «እዚህም መብራት የለም?» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። ቢሮ ጄኔሬተር አለ። የእኔን ደንበኞች ስታስተናግድ አርፍዳ፣ ፊርማዬን ፍለጋ በሁለት ታክሲ የመጣችው እሷ ናት፤ «ከቤት እየሠራች ነው» የምባለው እኔ። የታክሲውን ማን እንደከፈለ የጠየቅኳት በማግስቱ ነው። ከኪሷ ነው። ሊወራረድላትም አልቻለም፤ የታክሲ ረዳት ደረሰኝ አይቆርጥማ።

ዓመት መቁጠር ዋጋ የለውም እያልኩሽ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ዓመት ፈቃድ ሰጥቶ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። በዚህ ማንም አይጣላም። ግን ዓመት ፈቃድ የምወጣው ውክልና ሰጥቼ ነው። ከቤት ስሠራ ውክልና የለም። ፊርማዬ ከእኔ ጋር ቤት ይውላል፤ ባለጉዳዩ ቢሮ ይመጣል። የሚቆጣው ደግሞ እዚያ ያገኛትን ልጅ ነው። አንድ ነገር ቢቸግራትስ ማንን ትጠይቅ? እኛ ሥራ የለመድነው ነባሮቹ ስልክ ሲያወሩ ጆሯችንን ጥለን አልነበር?

ስብሰባ ላይ አነሳሁት። ቢያንስ በየቀኑ አንድ ነባር በተራ ቢሮ ይዋል፤ ፈቃዱም በዓመት ሳይሆን በሥራው ዓይነት ይሁን አልኩ። የእኩዮቼን ፊት ብታዪ! አንዱ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ አሳቀብኝ። የልቤን ልንገርሽ፣ እኔም ብሸነፍ አልጠላም ነበር። ሁለቱ ቀኖች ባይኖሩ እናቴን ማን ሐኪም ቤት ይወስዳታል?

የገረመችኝ ግን ልጅቷ ናት። ለአንቺም ከቤት እንድትሠሪ ልጠይቅልሽ ስላት ሳቀች። ቱሉ ዲምቱ አንድ ክፍል ለአራት ነው የሚኖሩት። «የት ቁጭ ብዬ ልሥራ? አሻራው 3 ሰዓት ቢሆንልኝ ይበቃኛል» አለችኝ። ለታክሲ ሰልፍ ከ12 ሰዓት በፊት ከቤት ትወጣለች፤ 5 ደቂቃ ካረፈደች ይቆረጥባታል። ያቺን ግማሽ ሰዓት ብጠይቅላት «ለአንድ ከተፈቀደ ለሁሉም ነው» ተባልኩ። የእኛን ሁለት ሙሉ ቀን ሲፈቅዱ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም።

እናንተ ጋ እንዴት ነው የሚሠራው? ሰርኩላሩን አንቺ ብትጽፊው ምን ትይ ነበር? እንደ ሹም አትመልሺልኝ፤ ፕሪንተሩ ጎን እንደነበረችው መልሺልኝ።

ማክሰኞ ቤት ነኝ፣ ደውዪ። ረቡዕን ትቼዋለሁ፤ ቢሮ ነኝ።

እናቴ ሰላም ብላሻለች።

ናፋቂሽ