ለሕክምና ተማሪዎች የመስክ ሥራ መጠነኛ ገንዘብ ይመደብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጤና ሳይንስ ኮሌጆቻችን የመጨረሻ ዓመት ላይ የደረሱ የሕክምና፣ የጤና መኮንን፣ የነርሲንግ፣ የአዋላጅነት፣ የላቦራቶሪ፣ የፋርማሲና የአካባቢ ጤና ተማሪዎች በአንድ ቡድን ተዋቅረው ለሳምንታት ወደ ወረዳ ጤና ጣቢያዎች ይወጣሉ። ይህን የቡድን የመስክ ሥልጠና ተማሪዎቹ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ «ቲቲፒ» ይሉታል። እኔ ጎንደር አካባቢ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ በአካባቢ ጤና ባለሙያነት፣ በድሮው አጠራር በሳኒታሪያንነት፣ ስሠራ ጡረታ እስክወጣ ድረስ እነዚህን ቡድኖች ስቀበልና ስሸኝ ኖሬያለሁ። ቡድኖቹ በየዓመቱ የሕዝቡን ችግር ቤት ለቤት ዞረው ያጠናሉ፤ መፍትሔው ላይ ሲደርሱ ግን እጃቸው ባዶ ነው። ይህን ለማቃናት የሚያስፈልገው ገንዘብ ደግሞ እጅግ ትንሽ በመሆኑ ጉዳዩን ለአንባቢዎቻችሁና ለሚመለከታቸው ኃላፊዎች ማቅረብ ፈለግሁ።

ሐሳቡ ራሱ በአገራችን ሥር የሰደደ ነው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው፣ በዋዜማው ዓመት ደምቢያ ላይ ተነሥቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ከሰው አእምሮ ሳይጠፋ ነበር። የጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና ሳኒታሪያኑ በአንድ ግቢ ተምረው አብረው ወደ ገጠር እንዲወጡ የተደረገውም፣ አንዱ ብቻውን ሄዶ የሚፈታው ችግር እንደሌለ ስለታየ ነው። ጅማም እ.ኤ.አ. በ1983 የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሆኖ ሲመሠረት ማኅበረሰቡን መሠረት ያደረገ ትምህርትን መለያው አድርጎ ተነሣ፤ ሌሎቹም ከእነዚህ ተቀብለው ያስተምራሉ።

አሠራሩን ላላየ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ተማሪዎቹ በተመረጠ ቀበሌ ቤቶቹን በጠመኔ እየቆጠሩ መጠይቅ ያስሞላሉ፤ መጸዳጃ ቤት አለ ወይ፣ ውኃው ከየት ይቀዳል፣ ሕፃኑ ክትባት ጨርሷል ወይ፣ እናቲቱ የት ወለደች እያሉ ይጠይቃሉ። ከዚያ የተገኙትን ችግሮች በትልቅ ወረቀት ላይ ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉና በአምስት መመዘኛ ነጥብ ይሰጣሉ፦ የችግሩ ስፋት፣ ክብደቱ፣ መፍትሔው ሊሠራ መቻሉ፣ የኅብረተሰቡ ትኩረትና የመንግሥት ትኩረት። እያንዳንዱ ከአምስት ይያዛል፤ ድምሩ ከሃያ አምስት ነው።

ዕጣ ፈንታው የሚወሰነው በሦስተኛው መመዘኛ ላይ ነው። አንድ ዓመት የመጣ ቡድን ዝንብ የወረረውን የሕፃናት ዓይን ሲያይ ሰንብቶ፣ የንፁህ ውኃ እጥረትንና ስለ ፊትና እጅ መታጠብ ያለውን የግንዛቤ ማነስ ጎን ለጎን አስቀምጦ መዘነ። ውኃው በስፋቱ 4፣ በክብደቱ 5፣ በኅብረተሰቡ ትኩረት 5፣ በመንግሥት ትኩረት 4 አገኘ። «ሊሠራ ይችላል ወይ?» የሚለው ላይ ሲደርሱ እርስ በርስ ተያዩና 1 ሰጡት፤ ድምሩ 19 ሆነ። የግንዛቤ ማነሱ፣ ንግግር ገንዘብ ስለማይጠይቅ፣ በዚያው መመዘኛ 5 አግኝቶ በድምሩ 20 ወጣለት። የውኃው ጉዳይ፣ ማለትም የቀበሌውን ምንጭ የማጎልበቱ ነገር፣ በአንድ ነጥብ ተሸንፎ ቀረ፤ የቡድኑም ሥራ የጤና ትምህርት መስጠት ሆነ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ አንዲት ተማሪ ነጭ ጋዎኗን ለብሳ ስለ ዓይን ማዝ በሚገባ አስተማረች። ስትጨርስ አንዲት እናት ያዘለችውን ልጅ ወደ ጎን መለስ አድርጋ፣ «ልጄ፣ መታጠቡንስ እናውቃለን፤ እንስራውን ይዤ ስሄድ ፀሐይ ትወጣለች፣ ስመለስ ትከራለች፤ ከዚያ ላይ ለፊት የሚተርፍ ምን አለ?» ስትል መለሰችላት። ተማሪዋ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ፤ ምክንያቱም ያንኑ ትምህርት በዚያው ቦታ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ሰጥቼዋለሁ።

ትራኮማን፣ ማለትም ይህንኑ ዓይን ማዝ፣ ለማጥፋት የተያዘው ስልት አራት አካላት እንዳሉት የታወቀ ነው፦ የተቀለበሰ የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕናና የአካባቢ ንጽሕና። መድኃኒቱን አምራቹ ፋይዘር በነፃ እየለገሰ በዘመቻ ይታደላል፤ ለቀዶ ሕክምናውም ደጋፊ አይጠፋም። የቀሩት ሁለቱ ውኃና መጸዳጃ ቤት የሚጠይቁ በመሆናቸው በእኛ ወረዳ ብዙውን ጊዜ በንግግር ይታለፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ምክሩን ሲሰጡ ኖረዋል። በዚህ ላይ ሰባት ዓይነት ሙያ ያለው ቡድን መጥቶ ያንኑ ቢደግመው ትርፉ ምንድን ነው?

አንዳንድ ቡድን በንግግር ብቻ መመለስ ያሳፍረዋል። እነዚህኞቹ ማኅተም ያረፈበት የትብብር ደብዳቤ ይዘው ከሱቅ ሱቅ ይዞራሉ። ባለሱቁ በዝርዝሩ ላይ ስሙን ጽፎ 50 ብር ይሰጣል፤ ሌላው ግማሽ ካርቶን ሳሙና፤ ሌላው «ነገ ተመለሱ» ይላል። የጎደለውን ከቀለብ ገንዘባቸው ያዋጣሉ፤ ከገበሬ ቤት የመጣውም ልጅ እንደ ነጋዴው ልጅ እኩል ያዋጣል። ተግባሩ ያስመሰግናቸዋል፤ ነገር ግን ከጥቂት ሳምንታት የመስክ ጊዜ ላይ አንዱ ሳምንት በልመና ያልቃል።

በመንግሥት በጀት ለመግዛት መሞከርም የራሱ ጣጣ አለው። ከሦስት ነጋዴዎች የዋጋ ማቅረቢያ፣ ማለትም ፕሮፎርማ፣ ይጠየቃል፤ በከተማችን ግን የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጡ መደብሮች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሦስተኛው ፕሮፎርማ ከጎንደር ይመጣል። አንድ ጊዜ ለምንጭ ማጎልበቻ የተፈቀደ ሲሚንቶ ተማሪዎቹ ከሄዱ በኋላ ደረሰ፤ በዕቃ መረከቢያ ሰነዱ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ መጋዘን ገባ፤ ክረምቱን የሚያፈስ ጣራ ሥር ከርሞ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። በመጨረሻም ከረጢቶቹ የመጋዘኑ በር ማስደገፊያ ሆኑ።

እንግዲህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለእያንዳንዱ ቡድን በእኔ ግምት ከ30,000 እስከ 50,000 ብር የሚደርስ ገንዘብ ቡድኑ ከመውጣቱ በፊት በጤና ጣቢያው ስም ይቀመጥ፤ የቡድኑ ተወካይ፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊና የሚከታተላቸው መምህር በጋራ ፈርመው ያውጡት። እስከዚህ መጠን ድረስ በደረሰኝ ብቻ መግዛት ይፈቀድ። ለአበል፣ ለቲሸርትና ለባነር አንድም ብር አይውጣ፤ ባነሩን በተለይ እጠላዋለሁ፤ የሁለት ኩንታል ሲሚንቶ ዋጋ በልቶ አንድ ቀን ፎቶ ከተነሣበት በኋላ የሚውለው ለእህል ማስጫነት ነው። ድንጋዩን፣ አሸዋውንና ጉልበቱን ሕዝቡ ያዋጣል፤ እንዲህ ያለውን መዋጮ ጠይቄ የተከለከልኩበትን ቀበሌ አላስታውስም። ገንዘቡ የሚፈለገው ለሲሚንቶ፣ ለቧንቧ፣ ለመጸዳጃ ቤት ስላብና ሕዝቡ ሊያመጣው ለማይችለው ዕቃ ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ገንዘቡ በሙሉ ለአንድ ቡድን አይሰጥ። ሲሶው ተይዞ ይቆይና ለቀጣዩ ቡድን ይተላለፍ፤ ያም ቡድን አዲስ ችግር ከመፈለጉ አስቀድሞ የፊተኛው የሠራው መኖር አለመኖሩን አይቶ ይጠግንበት። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። አንድ ቡድን ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዐሥር ጀሪካን ገዝቶ፣ ከሥራቸው በጋለ ብረት በስቶ ቧንቧ ገጥሞላቸው፣ በመጸዳጃ ቤቱ በኩል በእንጨት መደርደሪያ ላይ አቆማቸው። ልጆቹ ለእረፍት ሲወጡ ተሰልፈው እየታጠቡ ሲስቁ አይቻለሁ። በዓመቱ የመጣው ቡድን ያገኘው ሁለት ጀሪካን ብቻ ነበር። ዘበኛውን ስንጠይቀው ምንም ሳይደብቅ፣ ቧንቧ ያለው ጀሪካን ለጠላ መቅጃ እንደሚመች ነገረን። የተማሪዎቹ ሪፖርት ግን ኮሌጁ ዘንድ በ«ተሳክቷል» ተመዝግቦ ነበር፤ ሐሰትም አልነበረም፤ በተጻፈበት ቀን ተሳክቶ ነበር። ቀጣዩ ቡድን የሚጠይቀው መሆኑ አስቀድሞ ታውቆ፣ ዕቃው ለወላጅ ኮሚቴው ወይም ለዕድሩ በፊርማ ቢሰጥ ኖሮ ጀሪካኖቹ ጠላ ቤት ባልተገኙ ነበር።

ተማሪ ገንዘብ አይያዝም የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። በጥቂት ወራት ውስጥ የሰው ሕይወት ለምናስረክበው ወጣት የሲሚንቶ ደረሰኝ አናምነውም ማለት ግን ለእኔ አይገባኝም። ደግሞስ በጀት ይዞ መሥራትን፣ ከቀበሌ ሊቀ መንበርና ከውኃ ኮሚቴ ጋር መደራደርን፣ የወጪ ሰነድ ማወራረድን የት ይማረው? ተመርቆ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሲመደብ ብዙም ሳይቆይ ኃላፊ ይደረጋል፤ ያን ጊዜ የሚሳሳተው በትልቅ ገንዘብ ነው።

ገንዘቡ የሚገኝበትን በተመለከተ፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከማስተማርና ከምርምር ጋር የማኅበረሰብ አገልግሎትን ሦስተኛ ተልዕኮአቸው አድርገው ስለያዙ ከዚያ ላይ መቀነስ ይቻላል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚሠሩ የጎንደርና የጅማ ምሩቃንም አሉ። እነርሱ ለአገራቸው ሲያስቡ በአብዛኛው ያገለገለ የሕክምና መሣሪያ በኮንቴይነር መላክ ይቀናቸዋል፤ አንዳንዱ ባለሙያ ጠፍቶለት ሳይገጠም እንደሚቀር ሳስብ፣ በየዓመቱ የአንድ ቡድንን ወጪ ቢሸፍኑ ይሻል ነበር እላለሁ። እነርሱም በተማሪነታቸው ያን ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፈው ነጥብ ሰጥተዋልና ነገሩን ማስረዳት አያሻም።

በሥራ ዘመኔ የተቀበልኳቸው ቡድኖች ካዘጋጁት ሪፖርት የዐሥራ አንዱ ቅጂ በቤቴ አለ። በዘጠኙ ውስጥ የመጀመሪያው የመፍትሔ ሥራ «የጤና ትምህርት መስጠት» ይላል፤ በሰባቱ ደግሞ በችግርነት የተመዘገበው ያው አንድ ምንጭ ነው፤ አጥር የሌለው፣ ከብትም ሰውም የሚጠጣበት። ሐሳቡን ለመሞከር የሚፈልግ ኮሌጅ ካለ ሪፖርቶቹን አስረክባለሁ፤ ወደ ምንጩ የሚወስደውንም መንገድ ጉልበቴ እስከፈቀደ ድረስ እየመራሁ አሳያለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የአካባቢ ጤና ባለሙያ፣ ከጎንደር