የእርግብግቢት አልትራሳውንድና ሲሪንጅ ፓምፖች ለጨቅላ ሕፃናት ክፍላችን፦ የድጋፍ ጥሪ

ከ32 ሳምንት በፊት ወይም ከ1,500 ግራም በታች የሚወለዱ ሕፃናት አንጎላቸው ውስጥ ሊደሙ ይችላሉ። የአንጎል ውኃ ከሚጠራቀምባቸው ክፍተቶች ዳር ያሉት የደም ሥሮቻቸው ገና ስስ ናቸው፤ የደም ግፊት በድንገት ከፍ ዝቅ ሲል ይበጠሳሉ። አብዛኛው መድማት በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ውስጥ ይደርሳል። ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት አይታይም። ሕፃኑ ሲገረጣ፣ ትንፋሹ ሲቆራረጥ ወይም እርግብግቢቱ ሲወጠር ብዙ ደም ፈስሶ ሊሆን ይችላል።

እርግብግቢት ላይ አጥንት ስለሌለ፣ ጄል ቀብቶ ትንሽ ፕሮብ (ምስል የሚያነሳውን የአልትራሳውንድ እጀታ) በቀስታ በማሳረፍ ብቻ አንጎሉን ማየት ይቻላል። ጨረር የለውም፣ ማደንዘዣ አይፈልግም፣ ሕፃኑም ከማሞቂያው አይወጣም። ማሽኑ መድማቱን አያቆምም፤ ይህን በግልጽ መናገር አለብን። ነገር ግን የደማውን ሕፃን ለይተን የራሱን ዙሪያ በየሳምንቱ በሜትር እየለካን፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ውኃ መጠራቀም ከጀመረ በጊዜ ወደ ቀዶ ሐኪም እንድንልከው ያስችለናል።

የሚያስፈልጉን አንድ ተንቀሳቃሽ አልትራሳውንድ፣ ከ5 እስከ 8 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ፊተ ጠባብ የሕፃን ፕሮብ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ዩፒኤስ እና 4 ሲሪንጅ ፓምፖች ናቸው። ፓምፑን ከማሽኑ እኩል እንፈልገዋለን። ለአንድ ኪሎ ሕፃን 10 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በደም ሥሩ በእጅ ተገፍቶ በአንድ ደቂቃ ሲገባ የደም ግፊቱ ሊዘል ይችላል፤ ያ ስስ ሥር የሚበጠሰው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ፓምፑ ግን ያንኑ መጠን በ30 ደቂቃ ቀስ አድርጎ ይሰጣል።

ከውጭ አገር ዕቃ ለመላክ ያሰባችሁ ወገኖቻችን፣ እባካችሁ የአዋቂ ሆድ ፕሮብ ብቻውን አትላኩ። ፊቱ ሰፊ ስለሆነ ጠርዙ አጥንት ላይ ያርፍና ምስሉ ይጨልማል። ፕሮብ ለብቻው የምትገዙ ከሆነም መጀመሪያ የማሽኑን ሞዴል ጠይቁን፤ ሶኬቱ ከኩባንያ ኩባንያ ስለሚለያይ ካልገጠመ ዋጋ የለውም። ያገለገለ ዕቃም እንቀበላለን፣ የፕሮቡ ገመድ ያልተሰነጠቀና ባትሪው ኃይል የሚይዝ ከሆነ።

ገንዘብ የምትሰጡ በሆስፒታሉ ሂሳብ ክፍል በኩል ገቢ አድርጋችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ በክፍላችን ሠራተኛ እጅ የሚገባ ብር የለም። የአቅራቢዎቹ ፕሮፎርማም እዚያው ስላለ፣ ከመስጠታችሁ በፊት ዋጋውን አይታችሁ አንዱን ዕቃ ለብቻ ወይም ከጓደኞቻችሁ ጋር ሆናችሁ መሸፈን ትችላላችሁ።