አንቺሆዬን የተማርንበት ዓመት
የሙዚቃ ክበብ ዘገባ፣ 2017 ዓ.ም.

ጥቅምት ላይ 41 ልጆች ተመዘገቡ። ከመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና በኋላ የቀሩት 28 ናቸው። ሰኔ ላይ በወላጆች ቀን የዘፈኑት እነዚሁ 28ቱ ናቸው። ከዚህ በፊት ሙዚቃ የተማረ አንድም ልጅ አልነበረም።

ልምምዳችን ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከትምህርት መልስ ነበር። በትዝታ ጀመርን፤ ጆሯቸው ከቤት የለመደው ቅኝት (የዜማ ድምፆች አደራደር) ነው። ባቲም አምባሰልም ብዙ አላስቸገሩንም። አንቺሆዬ ላይ ግን ስድስት ሳምንት ቆየን።

አንቺሆዬም እንደሌሎቹ ባለ አምስት ድምፅ ነው። ግን ሁለተኛው ድምፅ ለመጀመሪያው በጣም ቅርብ ነው። ሦስተኛውና አራተኛውም እንደዚሁ ተጠጋግተዋል። ትዝታ የለመደ ጉሮሮ ያቺን ሁለተኛ ድምፅ ሳያውቀው ከፍ ያደርጋታል። አንዱ ከፍ ሲል ጎረቤቱ ይከተለዋል። ዘፈኑ ሳያልቅ ክራሩ ሌላ፣ እኛ ሌላ። መጀመሪያ «ጮክ በሉ» እል ነበር፤ ስህተት ነበር። ሲጮሁ እርስ በርስ አይደማመጡም። ያዳነን ማንጎራጎር ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያለ ግጥም፣ አፋቸውን ዘግተው፣ ክራሩን እየሰሙ አንጎራጎሩ። ከዚያ በኋላ የሚስት ልጅ ራሱን በራሱ ማረም ጀመረ።

ግጥሙን የጻፉት የ8ኛ ክፍል ልጆች ናቸው። አዝማቹ «ገና ነው መንገዳችን» ይላል። አንድ ቀን አንዲት የ5ኛ ክፍል ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ የልደት ዘፈን ነው እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስንዘፍነው «ና» ጠብቃ፣ ቃሉ በዓሉን ገና ሆኖ ነበር። አማርኛ ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ ይለወጣል፤ እኛ ደግሞ ስንዘፍን ተነባቢዋን ይዘን እናቆያት ነበር። ስለዚህ ምላስን ሳንይዝ «ና»ን አላልተን ማውጣት ተለማመድን። ለዚህች አንዲት ፊደል ሙሉ አንድ ሐሙስ ሰጠናት፤ አልቆጨኝም። ወላጅ ቃሉን ካልሰማ ዜማው ብቻውን አይበቃውም ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው አውራጃችን፣ ማለትም ዘፈኑን እየመራ ሌሎቹ የሚቀበሉት፣ የ8ኛ ክፍል ልጅ ነበር። ጥር ላይ ድምፁ ጎረነነ። የለመደው ከፍታ ላይ መድረስ ሲያቅተው፣ «ከክበቡ ልውጣ?» ብሎ ጠየቀኝ። ድምፁ እስኪረጋ እንዳያስጨንቀው ነገርኩትና ከተቀባዮቹ ጋር አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ፣ ማለትም ያንኑ ዜማ በወፍራሙ፣ እንዲዘፍን አደረግሁት። ሳምንት ሳይሞላ ሌሎቹ ወንዶች ልጆች እሱን መከተል ጀመሩ። ከዚያ በፊት እኮ ወፍራም ድምፅ የሚባል አልነበረንም።

ሌላው ጭንቀታችን ክራር ነበር። ቅኝት ሲቀየር ስድስቱም ክሮች እንደገና መታየት አለባቸው፤ መድረክ ላይ ያ ጊዜ ይረዝማል። አንዲት እናት ሁለተኛ ክራር አዋሱን። አንዱን በትዝታ፣ ሌላውን በአንቺሆዬ ቃኝተን አስቀመጥን።

በወላጆች ቀን አንቺሆዬ ሁለተኛ ዘፈናችን ነበር። ያቺ ድምፅ ስትደርስ ትንፋሼን ያዝኩ። ከክራሩ ጋር አንድ ላይ ወጧት፤ የአዝማቹም «ና» ላልታ ተሰማች። የቀድሞው አውራጃችን ከኋላ ረድፍ፣ መሐል ላይ ቆሞ ነበር።

የተዋስነውን ክራር በማግስቱ መልሰናል፤ እኚያን እናት ከልብ እናመሰግናለን። ለመስከረም የራሳችን ሁለተኛ ክራር ያስፈልገናል።